የለውዝ ቅቤ የት ይቀመጥ? ፍሪጅ ወይስ ካቢኔት

ጾም ሲገባ በብዙ ቤት የለውዝ ቅቤ ይገዛል። ዳቦ ላይ ይቀባል፣ በሻይ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ልጆች በማንኪያ ይልሱታል። ፋሲካ ሲደርስ እንቁላሉና ዶሮው ይመጣና የተጋመሰው ጠርሙስ ይረሳል። የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ የሚያስጨንቀው እንደዚህ ለሚቆየው ጠርሙስ ነው። በሳምንት የሚያልቀውማ የትም ቢቀመጥ ግድ የለም።

መልሱን አስቀድሜ ልስጣችሁ። ፋብሪካ የሠራውና ዘይቱ ላዩ ላይ የማይንሳፈፈው ከሆነ ካቢኔት ይበቃዋል። ከለውዝና ከጨው ሌላ ምንም የሌለበት ወይም ቤት የተሠራ ከሆነ፣ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ። ሞቃት አገር የምትኖሩ ደግሞ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ፍሪጅ ይሻላችኋል። ምክንያቱን ካወቃችሁ ግን ለራሳችሁ ቤት የሚስማማውን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

የሚያበላሸው ምንድን ነው?

ወተትና ወጥ የሚበላሹት ባክቴሪያ ስለሚራባባቸው ነው። ባክቴሪያም ሆነ ሻጋታ ለመራባት ውኃ ይፈልጋል። ለውዝ ተቆልቶ ሲፈጭ ውስጡ የሚቀረው ውኃ በጣም ትንሽ ነው። ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ የለውዝ ቅቤ ውጭ ስላደረ ብቻ እንደ ወጥ አይሻግትም።

ለዚህ ከፕላምፒ ነት የተሻለ ማስረጃ የለም። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ማለቴ ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን፣ ዛሬ እኛም አገር ለገጣፎ ላይ ይመረታል። ዋናው ነገሩ የለውዝ ቅቤ ነው፤ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ይጨመርበታል። አንዷ 92 ግራም ከረጢት 500 ካሎሪ አላት። መብራት ባልገባበት ቀበሌ፣ ያለ ምንም ፍሪጅ፣ ሁለት ዓመት ትቆያለች። ውኃ የላትም፤ ታሽጋለችና አየርም አያገኛትም።

የእናንተ ጠርሙስ ግን ተከፍቷል። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዘይቱን ቀስ በቀስ ያስረጀዋል። ሙቀትና ብርሃን ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል። በመጨረሻ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል፣ ይመራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ፍሪጅ የሚጠቅመው ይህን እርጅና ለማዘግየት ነው።

ፍሪጅ የማያደርገውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በለውዝ ቅቤ ውስጥ ባይራባም ሳይሞት ብዙ ወራት መቆየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 አሜሪካ ውስጥ በተበከለ የለውዝ ምርት ከ700 በላይ ሰዎች ታመዋል፣ 9 ሞተዋል። ብክለቱ የመጣው ከማምረቻው ነው። እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ አያድነውም። ስለዚህ ንጽሕናውን ከምታውቁት አምራች መግዛት ከማስቀመጫው ቦታ ይቀድማል።

1. ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የፊት ለፊቱን ሥዕል እርሱትና አዙሩት። ከምን ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝረውን ፈልጉ።

«ሃይድሮጂኔትድ» የተባለ የአትክልት ዘይት ወይም ፓልም ዘይት ካለበት፣ ይህ የተጨመረው የለውዙ ዘይት ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው፤ ቅቤውን አንድ ወጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይህኛው ውጭ መቀመጥ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ይጠጥራል፤ ዳቦውን ይቦጫጭቀዋል እንጂ አይቀባም።

«ለውዝ፣ ጨው» ብቻ ካለ፣ ወይም ጭራሽ «ለውዝ 100%» ከሆነ፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ግን ላዩ ላይ የቆመው ዘይት ከአየር ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ቶሎ ያረጃል። ለዚህኛው ፍሪጅ ነው።

አገር ውስጥ በአነስተኛ አምራቾች የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ሱፐርማርኬት ስትገቡ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ላዩ ላይ ወርቃማ ዘይት ከተንቀሳቀሰ መልሱን አገኛችሁ።

የቀኑንም ነገር ልብ በሉ። አገር ውስጥ የተመረተው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል፣ በፈረንጆችም ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 05/10/2026 የሚል ቢሆን፣ አሜሪካኖቹ ሜይ 10 ማለታቸው ነው፣ ሌላው ዓለም ኦክቶበር 5 ይለዋል። አምስት ወር ልዩነት አለው። የየት አገር ምርት እንደሆነ ሳታዩ ቀኑን አትመኑት።

2. ቤታችሁ ምን ያህል ይሞቃል?

አዲስ አበባ ላይ የኩሽና ጓዳ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ፋብሪካ የሠራው የለውዝ ቅቤ እዚያ ያለ ችግር ይከርማል። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁማ ጠዋት ጠዋት ውጭ ያለው ራሱ ፍሪጅ የገባ ይመስላል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ቴርሞሜትሩ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚውልበት ቤት ካቢኔት መጠለያ አይሆንም። ዱባይና ሪያድ ያላችሁም እንደዚሁ። ኤሲው እናንተ እያላችሁ ቤቱን ያቀዘቅዛል፤ ሥራ ስትሄዱ ካጠፋችሁት ኩሽናው ቀኑን ሙሉ ይግላል።

ካቢኔት ሲባልም የትኛው ካቢኔት የሚለው ወሳኝ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ይመቻል፣ ለዚህም ነው ሁሉም ሰው እዚያ የሚያስቀምጠው። ለለውዝ ቅቤ ግን ከዚያ የከፋ ቦታ የለም። ሽሮው በፈላ ቁጥር ሙቀቱም እንፋሎቱም ወደ ላይ ይወጣል። የፍሪጁ አናትም አይሆንም፤ ፍሪጅ ውስጡን ሲያቀዝቅዝ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብና መስኮት ሥርም ይቅር። ወደ ወለሉ ቀረብ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ከእሳት የራቀ ካቢኔት ምረጡ። ጠርሙሱ ብርሃን አሳላፊ ከሆነ ጨለማው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

3. በስንት ጊዜ ትጨርሱታላችሁ?

ዘይቱ የማይንሳፈፈው ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ቀዝቃዛ ካቢኔት ውስጥ ሦስት ወር ያህል ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ የቀረውን ፍሪጅ አስገቡት፤ ሌላ ሦስት ወር ገደማ ታገኛላችሁ። የሚንሳፈፈው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይሄዳል። ውጭ ከሆነ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብትጨርሱት ይሻላል።

የከፈታችሁበትን ቀን በፕላስተር ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ። «መቼ ነበር የከፈትነው?» የሚለው ጭቅጭቅ ያልቃል።

የሁለት ሰው ቤት ሆኖ ትልቁን ጠርሙስ መግዛት ደግሞ አይመከርም። ዋጋው በኪሎ ሲሰላ ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግማሹን ከጣላችሁት ግን ከትንሹ ተወደደባችሁ ማለት ነው።

4. ፍሪጅ ከሆነ ምርጫችሁ

ዘይቱ የተንሳፈፈውን ጠርሙስ ሳታማስሉ ፍሪጅ አታስገቡ። ከላይ ዘይት፣ ከታች ድንጋይ ይሆንባችኋል።

ሳትከፍቱት በፊት ክዳኑን አጥብቃችሁ ጠርሙሱን ገልብጡትና አንድ ሌሊት ይደር። ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ደረቁን ክፍል ዘልቆ ያልፋል። ጠዋት ቀጥ አድርጋችሁ ክፈቱት። እስከ አፉ የሞላ ከሆነ አስቀድማችሁ ሁለት ማንኪያ ያህል ወደ ሌላ ዕቃ ቀንሱ፤ አለበለዚያ ዘይቱ በእጃችሁ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ረጅምና ጠባብ ቢላ ወይም የእንጨት ማንኪያ እጀታ በጠርሙሱ ጠርዝ በኩል እስከ ታች አስገቡ። ታች ላይ ጠንካራ ነገር ይነካችኋል። እሱን በጉልበት አትቆፍሩት። ከሥሩ ገባ ብላችሁ በቀስታ ወደ ላይ አንሱት፣ ዘይቱ በተራው ይወርዳል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እንዲህ ስታነሱት ቀለሙ አንድ መሆን ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ቢላውን ስታወጡት የሚወርደው ቅቤ እንደ ማር ወፍራም ክር ከሠራ፣ በቃ፣ ተዋህዷል። አሁን ፍሪጅ ይግባ። ቅዝቃዜው ዘይቱን ስለሚያወፍረው ቶሎ አይለይም።

ዘይቱን መድፋትስ? አትድፉት። ላዩ «ቅባት በዛበት» ብለው የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። የሚቀረው ደረቅና ፍርክስክስ ያለ ነው፣ ዳቦም አይቀባም፣ በሻይም በደንብ አይበጠበጥም።

ፍሪጅ ውስጥ ቦታው በሩ ላይ ነው። የበሩ ኪስ ከውስጡ ሞቅ ስለሚል ለወተት አይመከርም፣ ለለውዝ ቅቤ ግን ይሄ ጥቅም ነው፤ ብዙ አይደርቅም። ክዳኑ በደንብ ይገጠም። ቅባት ሽታ ይስባል፤ የተከተፈ ሽንኩርት ወይም ዓሣ ያደረበት ፍሪጅ ውስጥ ክፍት ካደረ ጠዋት ዳቦው ላይ ይታወቃል።

ለቁርስ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ አውጡት። ጠዋት ጠዋት ጊዜ የለኝም የምትሉ የሳምንቱን በትንሽ ጠርሙስ ቀንሳችሁ ውጭ አስቀምጡ፣ ትልቁ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ትልቁ ጠርሙስ በሳምንት አንዴ ብቻ ይከፈታል፤ አየርም እርጥበትም ይቀንስለታል።

5. ደረቅ ማንኪያ፣ ሁልጊዜ

ይህ ለካቢኔቱም ለፍሪጁም እኩል ይሠራል። ውኃ የለውም ያልነው ነገር ውኃ ካገኘ ታሪኩ ይቀየራል። ሻይ የተማሰለበት ማንኪያ ተመልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገባ፣ ማርማላታ የነካ ቢላ ሲገባ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ሲወድቅ፣ ሻጋታ የሚነሳባት ትንሽ እርጥብ ቦታ ትፈጠራለች። አፍ የነካ ማንኪያም አይመለስ። ልጆች ካሉ ድርሻቸውን በሰሃን አውጥታችሁ ስጧቸው።

በሻይ ወይም በውኃ የተበጠበጠው ደግሞ ከአሁን በኋላ የለውዝ ቅቤ አይደለም፣ መጠጥ ነው። የዚያኑ ዕለት ይጠጣ። ሙዝ ወይም ወተት የተቀላቀለበትም እንደዚያው፤ ፍሪጅ ገብቶ በማግስቱ ቢበዛ ይለቅ። ማር ብቻ የተጨመረበት ቶሎ አይበላሽም፤ ሆኖም ማር ያለበትን ነገር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ።

6. ቤት የምትሠሩ ከሆነ

የባቢሌ ለውዝ ገዝቶ ቤት መሥራት ጣዕሙም ሌላ ነው፣ የገባበትንም ታውቃላችሁ። መከላከያ የሚሆን ነገር ስለሌለበት ግን ጥንቃቄው ከፍሪጁ በፊት፣ ከሰፌዱ ላይ ይጀምራል።

ለቀማውን በቀን ብርሃን ሥሩ። ለውዙን ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ አቧራ የያዘውን፣ የነቀዘውንና የበቀለውን ልቀሙና ጣሉ። የሚያጠራጥራችሁን አንዷን ለሁለት ክፈሏት፤ አንዳንዴ ሻጋታው መሐል ላይ ይደበቃል። በዚህ አትሰስቱ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። ይህ መርዝ ሲቆላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ፍሪጅም አያስወግደውም። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉ ከ100 ሺህ በላይ ትልልቅ የእርባታ ወፎች የተበከለ የለውዝ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ችግሩ እኛም ዘንድ እንዳለ አሳይተዋል። ስለዚህ የለቀማችሁትን መጥፎ ለውዝ «ለዶሮ ይሁን» አትበሉ፤ ላምም ብትበላው በወተቷ ይመጣል። ይጣል።

ለውዙን በመካከለኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ቁሉት። ኦቭን ካላችሁ 170 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ መሐል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ገልበጥ አድርጉት። ከምጣድ ወርዶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ስለሚቀጥል ትንሽ ቀደም አድርጋችሁ አውርዱት። ከዚያ ሰፌድ ላይ አሹት፣ አንገዋሉት፣ ቀዩ ልጣጭ ይሂድ።

ሞቅ እያለ መፍጨት ዘይቱን ቶሎ ያወጣዋል፣ ይህ ጥሩ ነው። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ መክደን ግን መጥፎ ነው። ክዳኑ ሥር እንፋሎት ይይዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ያ ውኃ ነው። ከፈጫችሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ተዉት።

በብሌንደር ስትፈጩ መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጓጉላል። እዚህ ላይ ሰው ተስፋ ይቆርጥና ውኃ ጠብ ያደርጋል። በጭራሽ! ማሽኑን አሳርፉት፣ ጎን ጎኑን በማንኪያ ጠረግ አድርጉ፣ ቀጥሉ። በራሱ ዘይት ይለሰልሳል። አልላላ ካለ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ።

ጠርሙሱ ፈልቶ የታጠበና ከውስጥ እስከ ክዳኑ ድረስ የደረቀ ይሁን። አየር እንዳይበዛበት እስከ አፉ ሙሉት። ቀዝቃዛ ቤት ውጭ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። እኔ ግን በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። የተቆላ ለውዝ ሽታ እንዳለ የሚበላው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነው።

7. መበላሸቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

ክፈቱና መጀመሪያ አሽቱት። ደህናው ገና ከምጣድ የወረደ ቆሎ ይሸታል። የተበላሸው የቤት ቀለም ወይም ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ይሸታል። ከተጠራጠራችሁ በማንኪያ ጫፍ ምላስ ላይ አድርጉ። መረር ካለና ጉሮሮ ከያዘ ጊዜው አልፏል። ቀለሙ ጠቆር ማለቱና መድረቁም የዕድሜ ምልክት ነው፤ ጣዕሙ ደህና ከሆነ ግን ለሻይ ይሆናል።

ሻጋታ ካያችሁ ላዩን ገፎ የቀረውን መብላት የለም። ሙሉ ጠርሙሱ ይጣላል።

መብራት ሲጠፋስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረ የለውዝ ቅቤ መብራት አንድ ሁለት ቀን ስለጠፋ አይጣልም። ዘይቱ ከተለየ አማስሉትና መብራቱ ሲመጣ መልሱት። ወተቱን፣ ሥጋውንና የተረፈውን ወጥ ግን ለብቻ መርምሩ። ጀነሬተር ያለው ጎረቤት ፍሪጁ ላይ ትንሽ ቦታ ቢሰጣችሁም ቦታውን ለወተቱና ለሥጋው ስጡ።